የኢክራም ሁለት ትራሶች

ባለፈው ጁምዓ የልጄ ልጅ ሂባ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አያቴ፣ ይሄን እዪልኝ፤ የሶፋ ትራስ በአሥር ደቂቃ፣ ለጀማሪዎች ይላል» አለችኝ። አየሁ። ጥፍሯን ሮዝ የተቀባች ሴትዮ ጨርቁን ስትሸረክተው፣ በማሽን ስታጣድፈው፣ ዚፕ ስትሰካበት፣ ከዚያ ትራሱን እቅፍ አድርጋ ፈገግ ስትል አየሁ። አሥር ደቂቃ! ደሜ ፈላ። ማዕዘኑ እንደ ፍየል ጆሮ ተንጠልጥሏል፤ የፊቱ ከፋይ ጸጉሩ ወደ ላይ፣ የጀርባው ወደ ታች ሄዷል፤ እሷ ግን ጥርሷን ታሳያለች። «ይቺ ሴትዮ እኔ ቤት ብትማር ኖሮ ሦስት ጊዜ ነበር የማስፈታት» አልኩና ስልኩን መለስኩላት። ሂባ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። ቀኑን ሙሉ ስቆጣ ዋልኩ። ምራቴን ስለ ሩዙ ተቆጣሁ፣ ፋኑን ስለ ጩኸቱ ተቆጣሁ። ንዴቴ በዚያች ባለ ሮዝ ጥፍር ሴትዮ እንዳልሆነ የገባኝ አመሻሽ ላይ ነው። «ማስፈታት» የምትለዋ ቃል ከአፌ ከወጣች በኋላ ነበር ነገሩ የጀመረኝ።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ፤ ዓመት ቆጥሬ አላውቅም። የማውቀው፣ በሰሜን በኩል ወንድማማቾች ተጣልተው በሩ ሲዘጋ የአገራችን ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ መጉረፉን ነው። ዕቃውን ተከትሎ ሹፌር መጣ፣ ሹፌሩን ተከትሎ ደላላ፣ ደላላውን ተከትሎ ነጋዴ። ትናንት ድሬዳዋ ላይ ሸሚዝ በትከሻው ይዞ ይዞር የነበረው ሁሉ እዚሁ ጅቡቲ ቡላኦስ ሠፈር ሱቅ ከፈተ። ሱቅ የከፈተ ቤት ሠራ። ቤት የሠራ ወንድ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ኩሽናው መስሏችኋል? ስለ መብረዙ ነው! መብረዝ እዚህ አገር ወንዶች ከቀትር በኋላ ተሰብስበው ጫት የሚቅሙበት ክፍል ነው። ዙሪያውን ፍራሽ ይነጠፋል፣ ግድግዳው ላይ የጀርባ ትራስ ይደረደራል፣ በሰውና በሰው መካከል ደግሞ ለክርን የሚሆን ጠንከር ያለ ትራስ ይገባል። የክርኑ ትራስ ከላላ ባለቤቱ ይታማል። ያን ሁሉ ትራስ ማን ይስፋው? እኛ ሴቶቹ። ያን ሁሉ ዘመን የዚህ ከተማ ወንድ ሁሉ የሚደገፍበትን ስሰፋ፣ እኔ አንድ ቀን ክርኔን አሳርፌበት አላውቅም።

ቤታችን ካርቲየ ዱ የሚሉት ሠፈር ነበር፤ ሰማያዊ የተቀባ የእንጨት ቤት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በበጋ ውስጡ እንደ ምድጃ። ባለቤቴ አብዱረህማን ቡላኦስ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ጥሩው ከፋይ በሜትር ስምንት መቶ ፍራንክ ይሸጥ ነበር፤ የእጅ መዳፍ ሲያልፍበት እንደ ድመት ጀርባ የሚተኛ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ቀዩ ቀይ። የዛሬውን ተዉት። የዛሬው ከቻይና በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣው ትራስ አንድ ወር ሳይሞላው አስፖንጁን ይተፋል። ያኔ ጠዋት ጠዋት ያ የፈረንጅ ረጅም ዳቦ ትኩሱን ይመጣል፣ ሠፈሩ በታክሲዎቹ ካሴት ይደምቃል፣ አንዱ የሱማሌ ዘፈን ሲያልቅ ሌላው የዓረብ ይቀጥላል። ልጃገረዶቹ ስስ ድሪዓቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ለቀው፣ ጨርቃቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጡልኛል። የድሬ ልጆች አሉ፣ የጎረቤት ሱማሌዎች አሉ፣ አንዲት ሳቋ የማያልቅ የአፋር ልጅ ነበረች። የምንቀመጠው ያው መብረዙ ውስጥ ነው፤ ሌላ ሰፊ ክፍል የለንማ። እስከ ቀትር የእኛ ነው። ልክ ከድሬዳዋ የመጣው ጫት ከተማ ሲገባ የመኪናው ሆርን ይጮሃል፣ ሰዉ ይራወጣል፣ እኛም ቁርጥራጩን ጠራርገን እንደ ሌባ በጓሮ እንወጣለን። ባሌ ገብቶ አንዲት ክር ካገኘ «ዛሬም ክር አስበላሽን?» ይለኛል። የተደገፈው እኔ የሰፋሁትን ትራስ መሆኑን አያስታውስም።

ለጀማሪ የማስተምረው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዛሬም እንቅልፍ ላይ ብትቀሰቅሱኝ እላችኋለሁ። ከፋዩን በመዳፍሽ ዳብሽው፤ ጸጉሩ በየት በኩል እንደሚተኛ እወቂ፤ ፊቱም ጀርባውም በአንድ በኩል ይተኛ፤ አለዚያ አንዱ ትራስ ሁለት ቀለም ይሆናል። ፊቱን ከፊቱ ጋር አጋጥሚ፣ የሚታየው ወደ ውስጥ፣ የማይታየው ወደ ውጭ። ከጫፉ አንድ ጣት ገብተሽ ስፊ። ሦስቱን ጎን ጨርሺ፤ በአራተኛው ላይ ግን እጅሽ የሚገባበት ያህል ክፍት ተዪ። ስንቷ ናት አራቱንም ጎን ጥርቅም አድርጋ ሰፍታ «አሁን ጥጡ በየት ነው የሚገባው?» ብላ የጠየቀችኝ! ማዕዘኑን ከስፌቱ ውጭ ያለውን ቁረጪ፣ ገልብጪው፣ በእንጨት ገፋ ገፋ አድርጊው፤ ጥጥ ስትሞዪ ከማዕዘኖቹ ጀምሪ፣ መሀሉ ራሱ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ክፍቱን በስውር ስፌት ዝጊና ክሩን በትራሱ ሆድ አሳልፈሽ በሌላ በኩል አውጥተሽ ቁረጪው። እኔ ማዕዘኑ ላይ ሦስት ተደራራቢ ጥቃቅን ስፌት እጨምር ነበር፤ ሦስቱን ያየ የእኔ እጅ መሆኑን ያውቃል። ከጠመመ ደግሞ ይፈታል። የምትፈታው ግን የሰፋችው ልጅ ራሷ ናት። እናቴ ድሬ ላይ ማሽኗን ስታወርሰኝ «የሰው ስፌት አትፍቺ፤ ነውር ነው» ብላኛለች። እኔም ለስንት ልጅ ይህንኑ ስናገር ኖሬያለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው።

ኢክራም የሟች እህቴ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ከድሬ ወስጄ አሳደግኳት። የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ገባች፣ ጎበዝ ወጣች፣ ወደብ አንድ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። ወረቀት ሲሆን እጇ ይበራል፤ መርፌ ሲሆን ግን ጣቷ ሁሉ አውራ ጣት ይሆናል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ብለው ጎረቤቶቹ ይስቁብኝ ነበር። እሷም ትስቃለች። በሃያ አራት ዓመቷ የደንበኛዬ የሐጂያ ዘሃራ ልጅ ኢድሪስ ለጋብቻ ጠየቃት። ወደብ በር ላይ ሚኒባስ ሲጠብቁ የተዋወቁ ናቸው፤ ስንት ሚኒባስ ባዶውን እንዳሳለፉ እነሱ ያውቃሉ። ወደደችው። ልብስ ስትተኩስ ታንጎራጉር ጀመር። ያቺ ልጅ እናቷ ከሞተች ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

በእኛ፣ ከድሬና ከሐረር በመጣን ነጋዴ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ይዛ የምትገባው ትራስ አሥራ ሁለት ነው። አሥሩን ማንም ይስፋው፤ አክስት ይስፋው፣ ይገዛ፣ ግድ የለም። ሁለቱን ግን ሙሽራዋ በገዛ እጇ ትሰፋለች። ከሠርጉ በፊት የወንዱ ወገን ሴቶች ተሰብስበው ያዩታል፣ ይገለብጡታል፣ ይስቁበታል፣ ያሞግሱታል። አሥሩን እኔ ሰፋሁ፤ አረንጓዴ ከፋይ፣ ዙሪያው የወርቅ ቀለም ገመድ። እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም። ሁለቱን ኢክራም ጀመረች። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ከቢሮ ትመጣለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ ትቀመጣለች፤ ራሷ ትሰፋለች፣ ራሷ ትፈታለች። ጣቷ ተወጋግቶ ቢሮ ማህተም መምታት አቅቷት ነበር። አንድ ቀን «አክስቴ ጨረስኩ! ወላሂ ጨረስኩ!» ብላ ሁለቱን ይዛልኝ መጣች። አንዱ ትከሻው ወደ ግራ ወድቋል፣ የሌላው ገመድ እንደ ሰከረ ሰው ይሄዳል፣ ሆዳቸው እዚህ ተነፍቶ እዚያ ጎድጉዷል። አቅፋ ሳመቻቸው። «ኢድሪስን ነግሬዋለሁ» አለችኝ። «በጠማማነታቸው ትለያቸዋለህ፣ የምትደገፈው በእነሱ ላይ ብቻ ነው ብዬዋለሁ።»

እኔ ምን አልኩ? «ጎሽ» አልኩ። በአፌ። ዓይኔ ግን አሥሩንና ሁለቱን ጎን ለጎን እያየ ይቃጠል ነበር። የሐጂያ ዘሃራ ቤት ሴቶች፣ ግማሾቹ ደንበኞቼ፣ እነዚያን ሁለቱን ሲያዩ ታየኝ። «የእሷ አስተማሪነት ይሄው ነው?» ሲሉ ተሰማኝ። ማንም ምንም ሳይለኝ ተሰማኝ! ትራሶቹ የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ኢክራም ግማሽ ቀን ልትሠራ ወደ ወደብ ስትሄድ፣ መርፌና ምላጭ ይዤ ተቀመጥኩ። የሦስት ሳምንት ሥራዋን በአንድ ሰዓት ፈታሁት። ከፋይ ክፉ ነው፣ መርፌ የወጋው ቦታ አይሽርም፤ ስለዚህ ቀዳዳዋ ያለበትን ጫፍ ዙሪያውን ቆርጬ ጣልኩት። ከዚያ እንደገና ሰፋሁት። ጠማማ አድርጌ ብሰፋው እንኳ ማን ያውቅ ነበር? ትንሽ ጎበጥ፣ ትንሽ ዘንበል ባደርገው? አሰብኩት እኮ! እጄ እምቢ አለ። ሦስቷን ጥቃቅን ስፌት እንኳ ማዕዘኑ ላይ ሳላስቀምጥ አልተነሳሁም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ኢክራም ስትመለስ አሥራ ሁለቱንም በነጭ አንሶላ ጠቅልዬ፣ አስሬ፣ ታክሲ አስጠርቼ ጠበቅኳት።

ሐጂያ ዘሃራ ቤት ሴቶቹ ሞልተዋል። እኛ የድሬ ሰዎች አንቱታ አናውቅም፤ እናትም አማትም አንቺ ናት። ሐጂያ አንሶላውን ፈታችና እልል አለች። «ማሻአላህ! ትራስ ማለት እንዲህ ነው። በይ ሙሽሪት፣ የእጅሽን ሁለቱን አምጪያቸው፤ ልጄ የሚደገፍበትን ልየው።»

ኢክራም እየሳቀች ተነሳች። መጀመሪያ በዓይኗ ፈለገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ሌላውን አነሳች፣ ገለበጠች። አምስተኛው ላይ ሳቋ ጠፋ። ሁሉንም አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው፤ አሥራ ሁለተኛውንም አስቀመጠች።

«የሉም» አለች።

«ምኑ ነው የሌለው?» አለች ሐጂያ።

«የእኔዎቹ። እዚህ የሉም።»

«አሥራ ሁለት ናቸው እኮ ልጄ። ሙሉ ናቸው።»

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚፈተነው። «እኔ ነኝ፣ እኔ ፈታኋቸው፣ ልጅቷ ሰፍታለች» ብል አንድ ትንፋሽ ነበር የሚወስደው። ምን ሆንኩ? ብድግ አልኩና ከዳር ያሉትን ሁለቱን ገፋ አድርጌ «ደንግጣ ነው! እነዚህ ናቸው እንጂ፣ አረ ኢክራም፣ የገዛ እጅሽን ዘነጋሽው?» አልኩ።

ሐጂያ መነጽሯን አደረገች። ማዕዘኑን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «የአንቺን እጅ እኔ አጣዋለሁ?» አለችኝ። «የቤቴን ትራስ ሁሉ የሰፋሽልኝ አንቺ አይደለሽ? ይሄው ሦስቱ ነጥቦችሽ።» ከዚያ ወደ ኢክራም ዞራ፣ ሳትቆጣ፣ ያ ነው የሚያናድደኝ፣ ሳትቆጣ፣ «መርፌ አልያዝኩም ብትይኝ እሺ እል ነበር። ጠማማውን ብታመጪልኝ ስቄ ነበር የምቀበልሽ፤ ሙሽራ ሳለሁ የእኔም ጠማማ ነበር። ውሸት ይዞ የሚገባ ሙሽራ ግን ለቤቴ ይከብደኛል» አለቻት።

ኢክራም «እኔ ሰፍቼ ነበር፣ እሷ ናት የፈታችብኝ» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ዞራ እኔን አየችኝ። ጠበቀችኝ። ያን ያህል ጊዜ ሰው ሲጠብቀኝ አላውቅም። እኔ የምንጣፉን አበባ እያየሁ ቀረሁ። ያቺን ሴትዮ፣ ያን ቀን እዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የነበረችውን እኔን፣ ዛሬ ባገኛት ጸጉሯን ይዤ ነበር የማስነሳት።

መንገድ ላይ ወጣን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የጫቱ ሆርን እየጮኸ ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ የእኛን ሐዘን የሚያይ የለም።

«ፈታሻቸው?» አለችኝ።

«ለክብርሽ ብዬ ነው የኔ ልጅ፤ እንዳይስቁብሽ…»

«ቁርጥራጩስ? የት ነው የጣልሽው?»

የቆሻሻው ጋሪ ወስዶታል አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ መጥቶ ነገሩ መቅረቱን ነገረን። ኢድሪስስ? ያ ቤት የሚያህል ኮንቴይነር በስልክ የሚያዝዝ ጎረምሳ፣ እናቱ ፊት አፉን ጫት ሞልቶት ዝም አለ! ወደብ በር ላይ ሲያያት በሌላኛው በር መውጣት ጀመረ። ልርገመው ብዬ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ፤ ግን ምን ብዬ? እሱ የተነገረውን አመነ፤ የነገርኩት እኔ ነኝ። ባሌ ወሬውን ሲሰማ «በትራስ?» አለ። «በትራስ ጋብቻ ይፈርሳል?» አለና መብረዙ ገብቶ ክርኑን እኔ በሰፋሁት ላይ ጥሎ ጫቱን ፈታ። አላህ ይርሐመውና ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንስቶብኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ።

ኢክራም ወር ሳይሞላት ልብሷን ሰብስባ ባልባላ ሠፈር፣ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ቤት ተከራየች። አልተጣላችኝም። ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር። በየዒዱ ትመጣለች፣ እጄን ትስማለች፣ ስኳርና ዘይት ታስቀምጣለች፣ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብላ ትሄዳለች። ማንጎራጎሯን የሰማ የለም። እኔም ማስተማሩን ተውኩ፤ ለሰዉ «ዓይኔ ደከመ» አልኩ። ዓይኔ ምንም አልሆነም ነበር። ማሽኔን በጨርቅ ሸፍኜ ከአልጋ ሥር ከተትኩት። ልጃገረዶቹ ከቻይና የሚመጣውን ገዙ፣ መብረዞቹም በእሱ ተሞሉ፣ ወንዶቹም ተደገፉበት፤ የእኔ ሦስት ነጥብ መቅረቱን ያስተዋለ አንድም ክርን የለም። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ኩራት!

ከብዙ ዓመት በኋላ ኢክራም አንድ መምህር አገባች። ጥሩ ሰው ነው፣ ጸጥተኛ። ትራስ የሚባል ነገር ሳይነሳ ተጋቡ፤ እኔም ከእንግዶቹ ጋር በር አካባቢ ተቀመጥኩ። አዲሱ ባቡር ናጋድ ጣቢያ መድረስ የጀመረ ሰሞን፣ የድሬ ዘመድ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ በሚመጣበት ወቅት፣ ሁለተኛ ልጇን ወለደች ሲሉኝ አራስ ልጠይቅ ባልባላ ወጣሁ። ብቻዬን ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሜ አጠና ነበር፦ «አፉ በዪኝ። የእጅሽን ሥራ ፈታሁብሽ። አፉ በዪኝ።» ይሄን ለማለት ይህን ያህል ዘመን ለምን እንደፈጀብኝ እኔም አላውቅም። ሞኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ቤቷ ንጹህ ነው። ወንበር አለ፣ አግዳሚ አለ፣ ፍራሽ አለ፤ አንድም ትራስ ግን የለም። ጀርባዬን የሚቀበለኝ የብሎኬት ግድግዳ ነው። ኢክራም ሕፃኑን እያጠባች ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ትንሽ ወፍራለች፣ አምሮባታል። መስኮቱ ላይ ቢጫ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ በእጅ የተሰፋ። የታችኛው ጠርዝ በአንድ በኩል አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል፤ ስፌቱ ሄዶ ሄዶ ይጠፋል፣ እንደገና ይገኛል። ስለ ልጁ ጠየቅኳት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቅኳት። ጊዜው አሁን ነው ብዬ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ፣ አፌን ከፈትኩ።

«ይሄን መጋረጃ ማን ነው እንዲህ የሰፋው?» አልኩ። «አምጪው፣ ቤት ወስጄ አስተካክዬ ልመልስልሽ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። በገዛ አፌ። እጄም ከአፌ ቀድሞ ጠርዙን ይዞ የክሩን ጫፍ ይፈልግ ነበር።

ኢክራም ድምጿን አላነሳችም፤ ሕፃኑ እንቅልፍ እየያዘው ነበር።

«አክስቴ፣ እጅሽን አንሺ» አለችኝ።

አነሳሁ። «ተቀመጪ፣ ሻይ ላምጣልሽ» አለችና ልጁን አስተኝታ ተነሳች። ተቀመጥኩ። ልለው የመጣሁትን ሳልለው ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።